የልጄ ጣትና የሌንሱ መቆሚያ

በአንድ ቤት ውስጥ ነገር የሚያስነሣው ዕቃ ሁልጊዜ ትልቁ ዕቃ አይደለም። በ2011 ዓ. ም. ከጥር እስከ ነሐሴ ድረስ የእኛን ቤት ሲያነጋግር፤ አንዳንድ ጊዜም ሲያኳርፍ የከረመው ነገር ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ዕቃ ነበረ። ይኸውም የፎቶግራፍ መሣሪያ በሚቆምበት በባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው፤ ሌንሱን ሽቅብና ቍልቍል፤ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ክፍል ነው። የሞያው ሰዎች ራስ ይሉታል። አንባቢ ሆይ፤ ስለ አንድ የመቆሚያ ራስ በቤተሰብ ገጽ ላይ መጻፍ ምን ይባላል ብለህ እንዳትፈርድብኝ እለምንሃለሁ። ነገሩ ከልጄ ጣት የጀመረ ስለ ሆነ ቦታው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በሥራዬ የታሪክ መምህር ስሆን ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ወፎችን በፎቶግራፍ በማንሣት ነው። አገራችን ለዚህ ሥራ የተመቸች መሆኗን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም፤ ከ800 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ይገኙባታል፤ ከነዚህም ውስጥ እንደ ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ያሉት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ነገር ግን ወፍ ሰው እንዲቀርበው አይወድም። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብ ረዥም ሌንስ የግድ ያስፈልጋል። እኔም ብዙ ዓመት ገንዘብ ካጠራቀምሁ በኋላ በ2009 ዓ. ም. ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ላይ ያገለገለ የካኖን 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። ይህ ሌንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ለገበያ የወጣው ዓይነት ነው፤ ክብደቱ 3 ኪሎ ከ870 ግራም ነው። ካሜራው ሲጨመርበት ከ4 ኪሎ ተኩል ያልፋል።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበረ። ይህ ሌንስ በእኔ ካሜራ ላይ ሲታሰር የሚያሳየው የሰማይ ስፋት 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሁለት ጣቱን ቢያቆም ሁለቱ ጣቶች የሚሸፍኑት ያህል ማለት ነው። በዚህች ጠባብ መስኮት የሚበር ወፍ ፈልጎ ማግኘትና ተከትሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ወፉ ከመስኮቱ ወጥቶ ይጠፋል፤ የቀረው ሰማይ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ረዳቴ ልጄ ነበረች። በዚያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነው። የእርሷ ዐይን ከእኔ ዐይን ይልቅ ንቁ ስለ ሆነ፤ ወፉን አስቀድማ የምታየው እርሷ ናት። «አባዬ፤ ከደረቀው ግንድ በስተቀኝ፤ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ» ትለኛለች፤ እኔም ሌንሱን ወደዚያው አዞራለሁ። የወፍ ደብተር ነበራት፤ ቀኑን፤ ቦታውን፤ የወፉን ቍጥርና የምንቃሩን ቅርጽ በእርሳስ ትጽፍበትና ትሥልበት ነበረ። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሳልቀሰቅሳት ተነሥታ ፔርሙዙን ሻይ ሞልታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ልጆችን ሳስተምር ውዬ የራሴን ልጅ ለማነጋገር ጊዜ የማገኘው በዚያች መንገድ ላይ ነበረ።

በ2011 ዓ. ም. በጥር ወር ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረድን። ሐይቁ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፤ ደንበል ተብሎም የሚጠራ ነው፤ በዳሩ ያለው ከተማ ዛሬ ባቱ ይባላል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት ስፍራ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ተኰራምተው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ፔሊካኖችም በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። እኛ የፈለግነው ግን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ትንሹን የዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ይህ ወፍ ከውኃው በላይ በአየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ስፍራ ላይ ይቆምና ዓሣውን ሲያይ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ያንን መቆሙን ፎቶግራፍ ማንሣት የብዙ ጊዜ ምኞቴ ነበረ።

በዚያን ጊዜ በትራይፖዴ ላይ የነበረው ራስ ባለ ኳስ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት ራስ በጽዋ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የብረት ኳስ ሲሆን፤ አንዲቱ ማጥበቂያ ስትጠብቅ ኳሱ ይያዛል፤ ስትላላ ወደ ፈለገው ይዞራል። ለአጭር ሌንስ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ቀላልና ፈጣን ነው። ንፋስ ነበረና ልጄ ትራይፖዱ እንዳይነቃነቅ ትከሻውን በእጇ ይዛልኛለች። ወፉ በድንገት ከጀልባዎቹ በላይ ቆመ። እኔም ዐይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ማጥበቂያውን አላላሁት። ሌንሱ እንደ ቆረጡት ዛፍ ወደ ፊት ተደፋ። የልጄ ጠቋሚ ጣት በሌንሱ እግርና በትራይፖዱ ትከሻ መካከል ተያዘ።

አልጮኸችም። ይህ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። «አባዬ፤ አንሣልኝ» አለችኝ እንጂ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሮጦ መጥቶ ከእኔ ጋራ ሌንሱን ቀና አደረገው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ወሰድናት። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ጥፍሩ ግን በማግስቱ ጠቍሮ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ካሜራውን ስመለከት ሳላውቀው አንድ ጊዜ መጫኔን አየሁ፤ ፎቶግራፉ የመሬቱ ነበረ፤ አንድ የዓሣ ራስና የእኔ ጫማ ጫፍ ይታዩበታል።

ባለቤቴ የልጅቱን ጣት አይታ ብዙ አልተናገረችም። «ወይ ዕቃው ቤት ይቅር፤ ወይ ልጅቱ ቤት ትቅር» አለችኝ። ከዚህ የከበደኝ ግን የልጄ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቼ በር ላይ ብጠብቅ አልመጣችም። ሲነጋ ብጠይቃት የቤት ሥራ እንዳለባት ነገረችኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ ሆነ። የወፍ ደብተሯ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ መጻሕፍት ሥር ገባ።

እኔም ወንድ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ራሴን ከመመርመር ይልቅ ዕቃውን መክሰስ ጀመርሁ። ኳሱ ትንሽ ስለ ሆነ ነው ብዬ ወደ ከተማ ወጥቼ ከአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ ሻጭ ሌላ ተለቅ ያለ ባለ ኳስ ራስ ጠየቅሁ። ሻጩም ሣጥኑን አገላብጦ «ይህ 20 ኪሎ ይሸከማል» ብሎ የተጻፈውን አሳየኝ። ልገዛው ተቃርቤ ሳለሁ ዋጋው ከኪሴ ስለ በለጠ ብቻ ተውሁት። ድህነት አንዳንድ ጊዜ ከስሕተት ያድናል።

በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር የሆነው ባልንጀራዬ ታሪኩን ሰምቶ ሳቀብኝ። «20 ኪሎ የሚሸከመው ሲጠብቅ ነው። አንተ ወፍ የምትከተለው አላልተህ አይደለምን?» አለኝ። ከዚያም የቲማቲም ድልህ ጣሳ አመጣና አሸዋ ሞልቶ ጎንና ጎኑን በሚስማር በስቶ ሽቦ አሳልፎ አንጠለጠለው። አስቀድሞ ከአፉ አጠገብ ነበረ የበሳው፤ ጣሳው እንደ ባልዲ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ባጋድለውም ተመልሶ ቀና። ቀጥሎ ከሥሩ አጠገብ በሳው፤ ሽቦውን ሲያነሣው ጣሳው ወዲያው ተገልብጦ አሸዋው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ይህ ያንተ ባለ ኳስ ነው። ክብደቱ ሁሉ ከመዞሪያው በላይ ስለ ሆነ ጥቂት ካዘነበለ መመለሻ የለውም» አለ። በሦስተኛው ጣሳውን ሞልቶ በክዳን ከደነው፤ በጣቱም ላይ አስተኝቶ ሚዛኑ የሚገኝበትን ስፍራ ፈለገና በዚያ ልክ በሳው። ይህን ጊዜ ጣሳውን ሽቅብ ባደርገው ሽቅብ ቆመ፤ ቍልቍል ባደርገው ቍልቍል ቆመ፤ ባጋድለው እንዳጋደልሁት ቀረ። ማንም አልያዘውም።

ጊምባል የሚባለው ራስ ከዚህ ጣሳ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከትራይፖዱ ላይ አንድ ክንድ ይነሣል፤ ክንዱ ከታች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከላይ ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ የሚወዛወዝ መቀመጫ ይንጠለጠልበታል፤ ሌንሱም በዚያ መቀመጫ ላይ ይታሰራል። የሌንሱና የካሜራው የክብደት መካከል ከመዞሪያው ጋራ እኩል እንዲሆን ከተደረገ፤ 5 ኪሎ የሚሆነው ዕቃ በአንድ ጣት ይዞራል፤ እጅ ቢለቁትም በለቀቁበት ይቆማል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። የታሪክ መምህር በመሆኔ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አንጀቴ አይችልም። በጥንታዊው ግሪካዊ በፊሎን ዘቢዛንጥዮን ስም በሚታወቀው ጽሑፍ ውስጥ፤ ወደ ማንኛውም ጎን ቢገለብጡት ቀለሙ የማይፈስ የቀለም ዕቃ ተገልጾ ይገኛል፤ ቀለሙ ያለበት ብልቃጥ በቀለበቶች ውስጥ የተንጠለጠለ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ቪያር ደ ኦንኩር የሚባል ፈረንሳዊ በሥዕል ደብተሩ ውስጥ እንዲህ ባሉ ቀለበቶች መካከል ፍም የሚቀመጥበትን እጅ ማሞቂያ ሥሎአል፤ ጳጳሱ በብርድ ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሞ ፍሙ ሳይፈስበት እጁን እንዲያሞቅበት ነው። የኢጣልያው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ በ16ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ብልሃት ስለ ጻፈ፤ ፈልሳፊው እርሱ ሳይሆን በስሙ ካርዳን ሲባል ቀረ። መርከበኞችም ማዕበል መርከቡን ሲያንገላታው ኮምፓሳቸው እንዳይዘነብል በዚሁ ያንጠለጥሉታል። እንግዲህ የቀለም ዕቃ፤ እጅ ማሞቂያና ኮምፓስ የጠበቀ ብልሃት የልጄን ጣት እንዴት አይጠብቅም አልሁ።

ባለቤቴ ግን ቀለል ያለ መላ ነበራት። «ከረጢት ሰፍቼ ምስር ልሙላልህና ሌንስህን እላዩ ላይ አስተኛው» አለችኝ። በእውነቱ ይህ ምክር የሚናቅ አልነበረም፤ በዓለም ላይ ያሉ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ አንሺዎችም እንዲህ ያለ ከረጢት ይጠቀማሉ። በመኪና መስኮት ላይ ወይም በመሬት ላይ ተጋድመው ሲያነሡ ከማናቸውም ብረት ይሻላል፤ አይንቀጠቀጥም፤ ጣትም አይቈርጥም። ሁለት ወር ያህል በዚሁ ሠራሁ፤ በገፈርሳ ውኃ ዳር የዝዮቹን መልካም ፎቶግራፍ ያገኘሁት በምስር ከረጢት ላይ ነው። ነገር ግን ቆሞ ለመሥራትና የሚበር ወፍ ለመከተል አይሆንም። ደግሞም በመኪና ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ።

ከዚህ በኋላ ራሱን አገር ውስጥ ላሠራው አሰብሁ። አንድ የብረት ሠራተኛ የጣሳውን ምሳሌ ስነግረው ወዲያው ገባው። ከመኪና የወጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ፈልጎ በግራሶ አጥቦ ክንዱን በወፍራም ብረት ሠራው። በሳምንቱ ስመጣ ዕቃው እንደ በር መዝጊያ ጠንካራ ነበረ፤ ሲዞር ድምፅ አልነበረውም። ሌንሱን ጫንነው። ወደ ሰማይ አቀናሁትና ስለቀው ተመልሶ ቀጥ አለ፤ ወደ ታች ባደርገውም እንደዚሁ። አይደፋም፤ ነገር ግን በለቀቅሁበትም አይቆምም። እንደ ባልዲው ሆነ ማለት ነው። የሌንሱ መቀመጫ ከመዞሪያው በታች ዝቅ ብሎ ተበይዶአል። ሠራተኛው ራሱን እየነቀነቀ «ጋሼ፤ ልኩን ሳይሰጡኝ እኔ በግምት በየድሁት። ይህ መቀመጫ ከፍና ዝቅ የሚል መሆን ነበረበት» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበረ፤ መቀመጫው ከፍና ዝቅ ማለት እንዳለበት አልነገርሁትም። ሚዛን ላይ ብናወጣው ራሱ ብቻውን 5 ኪሎ ሆነ። ሰውዬው የኩሽኔታዎቹን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ሸኘኝ። ያ ዕቃ ዛሬ በግቢያችን ግንብ ላይ ተተክሎ የልብስ ማስጫ ገመድ ይታሰርበታል፤ ለዚያ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው።

ገንዘብ ሳላወጣ ይህን ያህል ከተማርሁ በኋላ በአሜሪካ ሜሪላንድ ለሚኖረው ወንድሜ ጻፍሁለት። እርሱም ያሉትን ዓይነቶች ከነዋጋቸው ላከልኝ። ከ100 ዶላር በታች ያሉ ነበሩ፤ ዊምበርሌይ የሚባለው አሜሪካዊ ፋብሪካ የሚሠራው ደግሞ 600 ዶላር ይጠጋ ነበረ። ይህም በዚያን ጊዜ ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ሌሊት ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያታለለኝ ግማሽ ጊምባል የሚሉት ነው። ይህ ትንሽ ክንድ ሲሆን ባለው ባለ ኳስ ራስ ላይ ይታሰርና ሌንሱን ከጎኑ ይይዛል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለመንገደኛ ይመቻል። ነገር ግን ሌንሱ በጎን የሚታሰር ስለ ሆነ፤ በአንድ እጅ 5 ኪሎ ተሸክሞ በሌላው ማጥበቅ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ስሠራ ከአጠገቤ ማን እጁን እንደሚዘረጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ተውሁት። መቀመጫው ከሥር ሆኖ ሌንሱ ከላይ የሚቀመጥበት ሙሉው ጊምባል ሌንሱን አስቀምጠው፤ እጅ አንሥተው፤ ሳይቸኩሉ ያጠብቁታል።

ለሲኒማ የሚያገለግለው ባለ ዘይት ራስም ነበረ፤ አዟዟሩ እንደ ማር የለሰለሰ ነው ይባላል፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚያነሣ ሰው እርሱን እመክራለሁ። ሆኖም በዚያም ክብደቱ ከመዞሪያው በላይ ይቀመጣል፤ በመላወሻ ሽቦ ኃይል ነው የሚደገፈው። ለእኔ ከጣሳው ትምህርት በኋላ ክብደት ከላይ የሚቀመጥበትን ነገር ማመን አስቸገረኝ። ከርካሾቹ ጊምባሎች አንዱን ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው አውሶኝ ሞክሬዋለሁ፤ ሲያዞሩት መጀመሪያ እንቢ ይልና በኋላ በድንገት ይሄዳል። በ3 ዲግሪ መስኮት ውስጥ ይህች ድንገተኛ እርምጃ ወፉን ታጠፋዋለች። ርካሽ ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም፤ እኔ የያዝሁት ግን እንዲህ ነበረ። ከካርቦን የሚሠሩ፤ አንድ ኪሎ የማይሞሉም አሉ፤ ሳኔቲ ላይ እስከ 4 ሺህ ሜትር ለሚወጣ ሰው ምቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የመምህር አይደለም።

ባለቤቴ አንድ ማታ ወረቀቱን ከፊቴ አንሥታ አነበበችው። «ከነዚህ ውስጥ ሲለቁት የማይወድቀው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። በሳምንቱ ዕቁቧ ደርሶአት ነበረ፤ ገንዘቡም ለወጥ ቤቱ ጣሪያ የታሰበ ነው። ግማሹን ቈጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሣል» አለችኝ። እኔም ሁለተኛውን አጭር ሌንሴንና ያንን ባለ ኳስ ራስ ሸጥሁና የቀረውን ሞላሁበት። ያን ክረምት ወጥ ቤታችን ሁለት ስፍራ ላይ አፈሰሰ፤ ባልዲ ከሥር ሲደረግ ሁሉም ሰው እኔን ይመለከት ነበረ።

ዕቃው በነሐሴ ወር በአንድ ዘመዳችን ሻንጣ ውስጥ፤ በሕፃናት ልብስ ተጠቅልሎ ደረሰ። አተካከሉን በሳሎን መካከል አደረግሁት። የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ አወጣሁ፤ ቀጭን ዘንግ ከፍ ብሎ ሲቆም እንደ ሸንበቆ ይንቀጠቀጣልና። መሠረቱን በውኃ ልክ አስተካከልሁ፤ መሠረቱ ካጋደለ ሌንሱ ወደ ጎን ሲዞር የውኃው መስመር አብሮ ያጋድላልና። ከዚያ ሌንሱን በመቀመጫው ሞርሳ ላይ አስቀምጬ አጠበቅሁና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋሁ አፍንጫውም ጅራቱም የማይወድቁበትን ስፍራ ፈለግሁ። ቀጥሎ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ አቅንቼ ለቀቅሁት፤ ተመልሶ ቀና። ይህ የብረት ሠራተኛው ትምህርት ነው፤ መቀመጫውን ጥቂት ከፍ አደረግሁት። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ ከልክ በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። በሦስተኛው ባቀናሁበት ቆመ። በሌንሱ እግር ጠፍጣፋ ብረት ጫፎችም ትንንሾቹን መከላከያ ብሎኖች አሰርሁ፤ ሞርሳው ሳይጠብቅ ቢረሳ ሌንሱ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ይይዙታል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካሜራው ከሌንሱ ሲፈታ ሚዛኑ ይጠፋልና ከመፍታት በፊት ሁለቱንም ማጥበቂያዎች ማጥበቅ ይገባል። ይህን የረሳ ሰው የሌንሱ አፍንጫ ወድቆ ሲመታው ያስታውሰዋል።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። «ልቀቀውና አሳየኝ» አለች። ለቀቅሁት። «ማጥበቂያው ጠብቆ እንደ ሆነስ?» አለችና ራሷ ማጥበቂያዎቹን አላልታ ሌንሱን በአንድ ጣቷ ወደ መስኮቱ፤ ከዚያም ወደ ጣሪያው አዞረችው፤ እጇንም አነሣች። ሌንሱ ጣሪያውን እያየ ቀረ። ቀጥላ ያደረገችውን ግን አልጠበቅሁም፤ በሌንሱ እግርና በክንዱ መካከል ያለውን ስፍራ ሁሉ በጣቶቿ ዳበሰች፤ ጣት የሚይዝበት ቦታ መኖሩን ትፈልግ ነበረ። ከክንዱ ሥር አንድ ጠባብ ስፍራ አገኘች። «እዚህ ላይ እጅ እንዳይደረግ ንገራት» አለችኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበረ። አልገባችም፤ አልሄደችምም።

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ. ም. በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ስነሣ የወጥ ቤቱ መብራት በርቶ አገኘሁ። ፔርሙዙ ተሞልቶ ነበረ። እኔም ምንም አልጠየቅሁም።

ዝዋይ ስንደርስ ገና ጀንበር አልወጣችም። ትራይፖዱን ዓምና በቆምንበት ስፍራ ተከልሁት፤ ልጄ ግን ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ እጇን በሹራቧ ኪስ ከታ ቆመች። አባ ኮዳዎቹ እንደ ቀድሞው ተኰራምተዋል። ያ ዝንጉርጉር ወፍ መጀመሪያ ከሩቅ፤ ቀጥሎም በቅርብ እየበረረ አለፈ፤ እኔም ተከተልሁት። ጣቴ ብቻ ነበረ የሚሠራው፤ ክብደቱ የት እንደ ሄደ አላውቅም። ሆኖም ወፉ አንድ ስፍራ ላይ ቆሞ አላገኘሁትም። ከዚያም ደክሞኝ ሌንሱን በዚያው እንዳለ ትቼ ሻይ ልቀዳ ፔርሙዙን አነሣሁ።

ልጄ ሌንሱን ተመለከተችው። ሰማዩን እያየ ቆሞአል፤ ማንም አልያዘውም፤ ንፋሱም አላነቃነቀውም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፤ ከሰማያዊው ጀልባ በላይ» አለችኝ። በአንድ እጄ ፔርሙዙን፤ በሌላው ኩባያውን ይዤአለሁ። እርሷም ሁለቱን እርምጃ ተራመደችና ዐይኗን በመስኮቱ ላይ አደረገች፤ ያቺኑ ጣቷን፤ ጥፍሯ ጥቂት ጠመም ብሎ የበቀለውን፤ በማንሻው ላይ አኖረች። ካሜራው ያለ ማቋረጥ ይንቋቋ ጀመር።

በኋላ ብንቈጥረው 41 ፎቶግራፍ አንሥታ ነበረ። 30ው ባዶ ውኃ ነው፤ በ7ቱ ላይ የክንፍ ጫፍ ይታያል፤ በ3ቱ ላይ ወፉ ደብዝዞአል። በአንዱ ላይ ግን ክንፉን ዘርግቶ፤ ምንቃሩን ወደ ውኃው አዘንብሎ ቆሞአል። በዚያን ጊዜ ግን እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ኩባያውን ይዤ ለማየት ወደ ጎኗ ተጠጋሁ። ዐይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል «አባዬ፤ ጥላህ አስፈራው፤ ትንሽ ፈቀቅ በል» አለችኝ።

ፈቀቅ አልሁ።